ቁልፍ ሠላሳ ሰባት

«ቁልፍ ሠላሳ ሰባት። ቁልፍ ሠላሳ ሰባት። ወደ ላይ ይምጣ።»

ድምፅ ማጉያው ሁለት ጊዜ ጠርቶ ዝም አለ።

ክር ቀና አላለም። ዓይኑ በኮምፒውተሩ ላይ የሚንፏቀቀውን አረንጓዴ መስመር ይከተል ነበር። ስልሳ አንድ በመቶ። ስልሳ ሁለት።

ከበላዩ ሰማንያ ሜትር አለትና አፈር ተጭኗል። ከጎኑ የብረት ቱቦ ዋሻውን ተከትሎ እየታጠፈ ይሄዳል። ከአንድ ሰዓት በኋላ በዚያ ቱቦ ውስጥ፣ ከአቧራ ብናኝ ሺህ ጊዜ ሺህ የሚያንሱ ቅንጣቶች ከመብረቅ ፈጥነው ይጋጫሉ። ያን ጊዜ እዚህ የተገኘ ሰው በሕይወት አይወጣም።

ስለዚህም የላቦራቶሪው ሕግ ጥብቅ ነው። ወደ ዋሻው የሚወርድ ሁሉ ከላይ ካለው ሰሌዳ አንድ ቁልፍ ነቅሎ ይይዛል፤ ማን እንደነቀለም ይመዘገባል። አንዲት ቁልፍ ከቦታዋ እስከጎደለች ድረስ መሣሪያው አይነሣም። ቁልፍህ ነፍስህ ናት፣ ለማንም አትስጥ፤ እዚህ ቤት ለገባ ሁሉ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው።

በክር ኪስ ውስጥ ያለችው ቁልፍ ግን የእሱ አልነበረችም።

የእታለም ነበረች።

ክር የምስጢር ስሙ ነው። ያወጣለት «አጎት» የሚባለው አለቃው ሲሆን፣ ዘመዱ አይደለም። በላቦራቶሪው ውስጥ የሚታወቀው በቴክኒሺያንነት ነው፤ ቱቦው አየር የሚያስገባበትን ቀዳዳ እየፈለገ ይደፍናል። ሁለት ዓመት ሙሉ በእውነት ደፍኗል። ሥራውንም ወድዶት ነበር፤ ይህን ለአጎት ነግሮት አያውቅም።

እታለም መሐንዲስ ናት። ከጥፍር የሳሳ፣ የቅንጣቶችን ዱካ የሚይዝ ጠቋሚ ሰሌዳ የሠራችው እሷ ናት። ሰሌዳው የተሠራው ዓለም ከምን እንደተገነባች ለማወቅ ነበር። ኋላ ግን ሐኪሞች መጥተው አዩት፤ በሰው ገላ ውስጥ የተደበቀን፣ ከሰናፍጭ ቅንጣት ያልበለጠን እብጠት እንደሚያሳይ ደረሱበት። እናቷ በእንዲህ ያለ ዘግይቶ በታየ እብጠት ሞተውባታል። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላትም።

ሰሌዳው፣ የያዘውን ዱካ የሚተረጉምለት የልኬት ሠንጠረዥ ከሌለው ዕውር ነው። ሠንጠረዡ ደግሞ ያለው ከየትኛውም መረብ ጋር ባልተያያዘ በዚህ አንድ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

ሰማንያ አራት በመቶ።

ከአጎት የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር። «በራስህ ቁልፍ አትውረድ። በሴትዮዋ ቁልፍ ውረድ። ስምህ መዝገብ ላይ እንዳይገኝ ነው።» ክርም ጠዋት ወደ እታለም ክፍል ሄዶ፣ የዓመቱን የደኅንነት ትምህርት ስላልወሰደ ፈቃዱ እንደተዘጋበት፣ ዋሻው ውስጥ ግን አንድ መጋጠሚያ እንደሚያፈስ ነገራት። እሷም «ትምህርቱን ብትወስድም ባትወስድም እንደምታንኮራፋበት አውቃለሁ» ብላ ሳቀችበት። ከዚያም ተነሥታ ሄደች፣ ቁልፏን ነቀለች፣ በእጁ አኖረችለት። ሕጉን ለሌላው የምታስተምረው እሷው ራሷ ናት። ወንድሜ ያለችውን ሰው ግን በሕግ አትለካም ነበር።

ድምፅ ማጉያው እንደገና ጮኸ።

«ለሁሉም። ሠላሳ ሰባት ደውላለች። አሥር ደቂቃ እንጠብቃለን።»

ክር አሁን ቀና አለ። እታለም ከክፍሏ ሆና ስለ እሱ ጊዜ ለምናለታለች። ዋሻው ውስጥም ስልክ ስላለ፣ በመቆጣጠሪያው ክፍል ያለው ተረኛ ከየት እንደደወለች አልጠየቀም።

መቶ በመቶ።

ሠንጠረዡን የቀዳበትን ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ነቅሎ በጓንቱ ጣት ውስጥ ሸጎጠው። ወደ ሊፍቱ ሲሄድ አልሮጠም። የሚሮጥ ሰው ይታወሳል።

እታለም በኮሪደሩ ብቻዋን ትጠብቀው ነበር። «አንተ፣ ከቱቦህ ጋር ተጋብተህ የቀረህ መስሎኝ ነበር እኮ» አለችው። ቁልፏን መለሰላት። ቀዳዳዋን አግኝቷት እንደሆነ ጠየቀችው፤ አግኝቼ ደፈንኳት አላት።

በዚያው ቅጽበት የኮሪደሩ በር ተከፈተ።

አራት ጥበቃዎች።

ከኋላቸው ተረኛው፣ ከተረኛው ኋላም ሽማግሌው የላቦራቶሪው መሪ ነበሩ። ሁሉም መምህር ነው የሚሏቸው።

ከጥበቃዎቹ አንዱ፣ ሠንጠረዡ ዛሬ በቁልፍ ሠላሳ ሰባት በሚወርድ ሰው እንደሚሰረቅ ጥቆማ እንደደረሳቸው ተናገረ። ጥቆማው የመጣው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ኮምፒውተሩም አሁን መከፈቱ ተረጋግጧል። ሰውየው የእታለምን እጅ ተመለከተ። ቁልፏ በመዳፏ ላይ ነበረች።

ሦስት ሰዓት ላይ ክር ገና አልወረደም ነበር። የትኛው ቁልፍ እንደሚያዝ የሚያውቁ በዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ እሱ ነው።

አጎት ሸጧታል። በእሱ እጅ ሸጧታል።

እታለም የሆነውን ሁሉ ሳትቸኩል ተናገረች። ቁልፏን ለክር ሰጥታለች፤ ጥፋቷ ይህ ነው፤ እሷ ግን ወደ ዋሻው አልወረደችም። ተረኛው አንገቱን ነቀነቀ። በገዛ አፏ ደውላ ጊዜ የጠየቀችው፣ ከታች ካልሆነች ለምን ነበር?

መምህር ወደ ክር ዞሩ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር።

«ልጄ፣ ቁልፏን ሰጥታህ ነበር?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ክር ግን ጓንቱ ውስጥ ያለው ፍላሽ ተሰማው። እስር ቤት ታየው።

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ጋሼ» አለ። «እኔ ዛሬ ታች አልወረድኩም።»

እታለም እንደምትጮህ ጠብቆ ነበር፤ መጮኋንም ተመኝቶ ነበር። እሷ ግን ተመለከተችውና ወደ ጥበቃዎቹ ዞረች።

«ተዉት» አለች። «ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ፈርቶ ነው።»

ወሰዷት። ምድር ተከፍታ ልትውጠው አልቻለችም፤ ከእግሩ በታች የነበረው የተወለወለ ሲሚንቶ ነው።

ከቀትር በኋላ ክር በጎብኚዎች አዳራሽ ከአጎት ጋር ተገናኘ። የቅንጣቶቹ ግጭት በዚያ ወደ ዜማ ተቀይሮ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማል። ሙዚቀኞች ዜማውን ሊቀዱ፣ ሠዓሊዎች የዱካዎቹን ሥዕል ሊገለብጡ ይመጣሉ። መምህር ለእንግዶች ሁልጊዜ የሚሉት ነበራቸው፤ ዓለም ዛሬ ወሬና ሥዕል የሚለዋወጥበት መረብ የተፀነሰው እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ነው፣ ሰዎች ሥራቸውን ለባልንጀሮቻቸው ለማካፈል ሲጥሩ፤ ማንም ባለቤትነቱን ቢይዝ ኖሮ እንዲህ አይስፋፋም ነበር፤ ይሉ ነበር።

አጎት ማዳመጫ በጆሮው አድርጎ ተቀምጧል። ክር ከጎኑ ተቀምጦ ፍላሹን በወንበሩ ላይ አኖረ።

አጎት አላነሣውም።

«ያዘው፤ ወይም ጣለው» አለ።

«ለዚህ አልነበረም እንዴ የላኩኝ?»

«ሠንጠረዡን ሰኞ ዕለት ለዓለም ሁሉ በነጻ ሊበትኑት ነበር። ሰኞ የሚበተን ነገር ዓርብ ምን ይሰረቃል?» ማዳመጫውን አወረደ። «አሁን ምርመራ ተከፍቷል። ሁሉም ታሽጓል። እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ነው። የእኛ ሰዎች የራሳቸውን ሠርተው በስማቸው ለማስመዝገብ ስድስት ወር ይበቃቸዋል። ከዚያ በኋላ የፈለገ ሆስፒታል ከእነሱ ይገዛል።»

ክር ቢጠይቃት በደስታ የምትሰጠውን ነገር ነበር የሰረቀው። ከዚያም አልፎ፣ በእርግጥ የሰረቀው ሠንጠረዡን ሳይሆን ሁለት ዓመት ነበር።

«እሷስ?»

«እሷ ምን?» አለ አጎት፤ ተነሥቶም ሄደ።

ስምንት ወር አለፈ። ክር በሌላ ከተማ፣ በሌላ መታወቂያ፣ በማቀዝቀዣ ጥገና ሱቅ ተቀጠረ። ፍርድ ቤቱ የእታለምን ጉዳይ ማየት ሲጀምር ደብዳቤ ጻፈ። ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ የጓንቱን ጣት ሳይቀር ዘረዘረ። ፊርማው ላይ ሲደርስ ብዕሩ ቆመ። በላቦራቶሪው የተጠራበት ስም የማንም አልነበረም። ክር ስም አይደለም። እናቱ ያወጡለትን ስም የአጎት ሰዎች ከየመዝገቡ ካጠፉት ዓመታት አልፈዋል። የቀረው በአካል መቆም ብቻ ነበር። ትኬት ቆረጠ፣ መናኸሪያ ሄደ፣ በአግዳሚው ላይ ተቀመጠ። አውቶቡሱ ሞላ። ወያላው ሁለት ጊዜ ጠራው።

አውቶቡሱ ሄደ።

ደብዳቤውን ሳይፈርም በፖስታ ላከው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ሥራ ላይ ሳለ የሱቁ ሬዲዮ ፍርዱን አሰማ። አራት ዓመት። ዳኛው ከማን እንደተላከ ያልታወቀ ጽሑፍ ማስረጃ እንደማይሆን ተናግረው ደብዳቤውን ወደ ጎን አድርገውታል። ሽማግሌው መምህር በየቀጠሮው ከአጠገቧ ሳይጠፉ እንደቆዩም ተነገረ።

ባለ ሱቁ የሬዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። «ጉድ እኮ ነው» አለ። «እስከ መጨረሻው፣ ለሰው ሰጥቼ ነው ማለቷን አልተወችም። አንተ ምን ትላለህ? ያ ሰውዬ እውነት ኖሮ ይሆን?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ቁልፉን ሰጠሁት ያለችው።»

«አልነበረም» አለ፤ ፊቱንም እንዳያይበት ወደ ማቀዝቀዣው ውስጥ ጎነበሰ።