ከድልድዩ ማዶ የቆመው ጋሪ

የአዛውንቱ ጋሪ ገፊ የማንግ ፒሎ አስከሬን ማለዳ ላይ ከባቡር ድልድዩ ሥር፣ ቦዩ ከምሰሶው ጋር ካጣበቀው ቆሻሻ መካከል ተገኘ። ሳጅን ሊዎኖር ስትደርስ ጎረቤቶች ፊታቸውን በሙዝ ቅጠል ሸፍነውላቸው ነበር። ቅጠሉን ገለጥ አድርጋ ከጆሯቸው በላይ ያለውን ስንጥቅ አየችና መልሳ ሸፈነችው። አሥራ አንድ ወር ሙሉ ጠዋት ጠዋት በጋሪያቸው ወደ ሥራ የወሰዷት እሳቸው ነበሩ።

ባቡሩ ለጥገና ከቆመ ወዲህ፣ ሐዲዱን ግራና ቀኝ ባጠሩት ሁለት ግንቦች መካከል የሚኖረው የሐዲዱ ዳር ሰው ወደ ገበያና ወደ ከተማ የሚወጣው በሐዲድ ጋሪ ነው፤ አራት ትንንሽ ጎማ፣ የቀርከሃ መቀመጫ፣ አንድ ትልቅ ጃንጥላ፣ ከኋላ የሚገፋ ሰው። ጂፕኒ የሚባሉት የከተማው ታክሲዎች አድማ ከመቱ አራት ቀናቸው ነው፤ አውራ መንገዱንም ጎርፍ ዘግቶታል። ሌላ መውጫ የለም። በዚህ በኩል የሚሠሩት ጋሪዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ የማንግ ፒሎ፣ የሮሄልዮና የወጣቱ የኢሲድሮ።

ኢሲድሮ ከንጋት ጀምሮ በሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ተቆልፎበታል። ትናንት ጠዋት በወረፋ ተጣልቶ ማንግ ፒሎን «አንድ ቀን እገፈትርዎታለሁ» ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ጎርፉ ሲጎድል የፖሊስ መኪና መጥቶ ወደ ከተማው እስር ቤት ይወስደዋል። እዚያ የገባ ድሃ ቶሎ አይወጣም።

«ውሃው ጎደለ?» አላት በፍርግርጉ ውስጥ።

«ገና ጉልበት ድረስ ነው። የሆነውን ንገረኝ።»

«ማንንም አላገኘሁም፣ ሳጅን። ትናንት አመሻሽ ላይ ወደ ገበያ ስሄድ ጋሪያቸው ድልድዩን ሳልሻገር፣ በሰፈሩ በኩል፣ ግንቡን ተደግፎ ቆሟል። ሊሸኑ ወርደው ነው ብዬ አለፍኩ።»

«በዚያ ዝናብ?»

«ሽንት ዝናብ እስኪያባራ ይጠብቃል እንዴ?»

ሳትወድ ፈገግ አለች። «ማንን ጭነህ ነበር?»

«ማንንም። ዝናቡ ሲጀምር ሐዲዱ ያንሸራትታል ብሎ ሰው ሁሉ በእግሩ ሄደ።»

ከድልድዩ በገበያው በኩል አሊንግ ቾሌንግ በላስቲክ ጥላ ሥር ሙዝ ትጠብሳለች። ሳትጠየቅ ጀመረች።

«ማንግ ፒሎ ባዶ ጋሪያቸውን እየገፉ ወደ ሰፈር ተሻገሩ። ሙዝ ያዙ ብላቸው ‹መጀመሪያ ጥርስ ስጭኝ› አሉኝ። ሁለት መጥበሻ ሙሉ ካወጣሁ በኋላ ያ ባለጌ ኢሲድሮ ከማዶ መጣ፤ ባዶውን፣ እንደ ነፋስ። ታዲያ ከሱ ሌላ ማን ሊሆን ነው?»

«ባዶውን ለመምጣቱ እርግጠኛ ነዎት?»

«ያረጀው ጉልበቴ እንጂ ዓይኔ አይደለም። እምላለሁ።»

ሊዎኖር ድልድዩን ወደ ሰፈሩ ተሻገረች። የማንግ ፒሎ ጋሪ መቀመጫው ወደ ግንቡ ዞሮ ቆሟል። ጃንጥላው ታጥፏል፤ ሰማያዊው ሲባጎ ሁለት ጊዜ ተጠምጥሞ ጫፉ ከሥር ተሸጉጧል። ብዙ ቆማ አየችው። ከዚያ አጎንብሳ ሐዲዱን ተከተለች። ከሮሄልዮ ቤት በስተጀርባ፣ ሐዲዱን ከእንጨቱ ጋር የሚያያይዙት ከባድ ብረቶች ከመቶ በላይ ቦታ ላይ የሉም። የተነቀሉበት ጭረት ገና ያበራል።

የሮሄልዮ ቤት ከድልድዩ ማዶ የመጀመሪያው ነው። ጋሪው ደጁ ላይ ነበር፤ መቀመጫው ገና አረንጓዴ የሆነ አዲስ ቀርከሃ።

«ትናንት በዘጠኝ ሰዓት ከሥራ ሲመለሱ እርስዎን አድርሼ ገባሁ፤ ጉንፋን ይዞኛል» አላት። «መቀመጫው በስብሶ ነበር፣ ሥራ ስፈታ ቀየርኩት። እርስዎም እኮ አልቀለሉም።»

ሊዎኖር አልሳቀችም። ከቤቱ ሥር የተጣለውን አሮጌ ቀርከሃ በእግሯ አገላበጠችው። አልበሰበሰም። መሃሉ ላይ ተቀንጥሶ ተሰብሯል፤ የብረት ዝገትም ነክቶታል።

ከቀትር በፊት ሁሉንም ድልድዩ አጠገብ ሰበሰበች። ኢሲድሮን እጁ በካቴና እንደታሰረ አመጡት።

«በዶፍ ዝናብ ጋሪ ገፊ ጃንጥላውን የሚያጥፈው መቼ ነው?» አለች።

«ጋሪውን ከሐዲዱ ሲያነሳ» አለ ኢሲድሮ። «ነፋስ እንዳይገለብጠው።»

«ገዳዩ አንስቶት ቢሆንስ?» አለች አሊንግ ቾሌንግ።

«ሰው ገድሎ የቸኮለ ሲባጎ ሁለቴ ጠምጥሞ አይሸጉጥም። ያ የሳቸው አስተሳሰር ነው፤ በየቀኑ ሳየው ኖሬያለሁ። ስለዚህ ራሳቸው፣ ረጋ ብለው፣ ከፊታቸው ለመጣ ጋሪ ወረዱ። ሁለት ጋሪ ሲገናኝ ለማን ነው የሚወረደው?»

«ብዙ ለጫነው» አለ ኢሲድሮ።

«ሁለቱም ባዶ ከሆኑስ?»

«ትንሹ ለትልቁ ይወርዳል» አለች አሊንግ ቾሌንግ፤ አፏም እንደተከፈተ ቀረ።

«ኢሲድሮ ባዶውን እንደነበረ የሚምሉት እርስዎ ነዎት። ማንግ ፒሎ ለባዶ ጋሪ፣ ያውም ጠዋት ለዛተባቸው ልጅ አይወርዱም። የመጣው የጫነ ነው። ሰው እንዳልጫነ እናውቃለን፤ ሰው ሁሉ በእግሩ ነበር። ከሐዲዱ ብዙ ብረት ተነቅሏል። በዘጠኝ ሰዓት ደህና አድርጎ የተሸከመኝ ቀርከሃ ከዚያ በኋላ ከክብደት የተነሳ ተሰብሯል። የቀረው ጋሪ ደግሞ አንድ ነው።»

ሰው ሁሉ ከሮሄልዮ ራቅ አለ። በግንቡና በቦዩ መካከል የሚሄድበት አልነበረውም።

«ባቡሩ ሊጀምር ሁለት ሳምንት ነው የቀረው» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ምን እገፋለሁ? ሲፈትሹ ጥገናው አላለቀም እንዲሉ ነው የነቀልኩት። ሌላ ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ቢሰጡን።»

«ሳይፈትሹ ባቡሩን ሰው ጭነው ቢያመጡትስ?» አለች ሊዎኖር።

«ማንግ ፒሎም ያንኑ ነው ያሉኝ።» ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «መጀመሪያ ወረዱልኝ። ‹ከብዶሃል› ብለው እስከ ድልድዩ መሃል አብረውኝ ገፉ፤ የነቀልኩትን ብረት ቦዩ ውስጥ ልጥለው እንደሆነ አላወቁም። የሸፈንኩበትን ሸራ ነፋስ ገለጠው። ‹አሁኑኑ መልሰህ እሰረው፣ አለዚያ ለሊዎኖር እነግራታለሁ› አሉ። ገፈተርኳቸው። ውሃ ላይ የሚወድቁ መስሎኝ ነበር።»

«ልጁ ሲታሰርስ?» አለች ሊዎኖር።

ሮሄልዮ ሁለት እጁን ዘረጋላት።

ካቴናውን ከኢሲድሮ እጅ ፈትታ ሮሄልዮ ላይ አሰረችው። በሬዲዮ ስትጠይቅ የፖሊስ መኪናው ዛሬ እንደማይደርስ ነገሯት። ሮሄልዮን በማን ጋሪ እንደምትወስደው ማመንታቷን ኢሲድሮ አየ። የተላጠውን የእጁን አንጓ እያሸ ሄዶ ጋሪውን አመጣና ሐዲዱ ላይ አስቀመጠው።

«አትገደድም» አለችው።

«በምን ሊሄዱ ነው ታዲያ?»

እሷ ተቀመጠች። ሮሄልዮ ጫፉ ላይ፣ እንደ እንግዳ፣ ተንጠለጠለ። ኢሲድሮ ከኋላ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን መቀመጫው ላይ አሳረፈ።

«ኩያ ሮሄልዮ» አለው፣ እንደ ታላቅ ወንድም እየጠራው፣ «ወደ መሃል ጠጋ በል። እዚያ ከተቀመጥክ ትወድቃለህ።»