ሐዳሳ ያሰፋችው ቦት

«ለምስክር ያን ቦት የገዛችለት የዱራሜዋ ነርስ ናት አሉ።»

እትዬ ገነቴ ይህን ወሬ ጠዋት ጨው ሲመዝኑ ያወሩታል፣ ቀትር ላይ በርበሬ ሲሰፍሩ ይደግሙታል፣ ሱቃቸውን ሲዘጉ ደግሞ ገና አሁን እንደሰሙት ሰው እንደ አዲስ ይጀምሩታል። ማን እንዳለ ግን ተናግረው አያውቁም። ሱቃቸውን ከሐዳሳ የጫማ መስፊያ ክፍል የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለሆነ፣ ወሬው አንድ ቃል ሳይጎድልበት ይደርሳታል።

ሐዳሳ ምላሷ ከወስፌዋ ይብስ ነበር። አባቷ ሞተው ወንበራቸው ላይ ስትቀመጥ፣ ሆሳዕና ውስጥ «ደግሞ ሴት ጫማ ልትሰፋ?» ብሎ ያልሳቀ አልነበረም። ያስተማራት የለም፤ አሮጌ ጫማ እየፈታችና እየገጠመች ለብቻዋ ተማረችው። የሳቁባት ሁሉ ዛሬ ሶላቸው ሲለቅ ደጃፏ ይቆማሉ። ይሁን እንጂ ቆዳ ከሚሠራ ቤት የተወለደች ናት። ጫማቸውን አምነው ይሰጧታል፤ ለወንድ ልጃቸው ግን ሽማግሌ አይልኩባትም። ይህን አሳምራ ታውቃለች።

ስለዚህ ወሬውን ለማመን አልተቸገረችም።

ምስክር የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። ከፎንቆ እስከ ጃጁራ በእግሩ እየዞረ ከብት ያክማል። ድሮም ጫማ ሊያስጠግን ሲመጣ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ እንኳ ከአግዳሚው ላይ ቶሎ አይነሳም ነበር። በሚሊኒየሙ ክረምት፣ ጭቃው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ሰሞን፣ ቡናማ የቆዳ ቦት አድርጎ እያነከሰ ገባ።

«ጠበበኝ፣ ሐዳሳ። አውራ ጣቴን ሊጨርሰው ነው።»

ቦቱን ተቀብላ አገላበጠችው። ጥሩ ቆዳ ነው። ጥሩነቱ ራሱ አናደዳት።

«የገዛው ሰው እግርህን አያውቀውም» አለችው።

ምስክር አንገቱን ደፍቶ ፈገግ አለ። ሐዳሳ ያን ፈገግታ አየችና ልቧ ተቃጠለ። ሴትዮዋን እያሰበ ነው አለች በሆዷ።

የጠበበ ቦት አሠራሩ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ውስጡን ለብ ባለ ውኃ ታርሰዋለህ፣ ከእንጨት የተጠረበውን እግር ትከትበታለህ፣ ከዚያ ሽብልቁን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየመታህ ቆዳውን ትወጥረዋለህ። ሐዳሳ ውኃውን አደረገች፣ የእንጨቱን እግር ከተተች። መዶሻውን ስታነሳ በቆርቆሮው ማዶ «የዱራሜዋ ነርስ» የሚል ድምፅ መጣ። መዶሻውን መልሳ አስቀመጠችው።

ይቆንጥጠው፣ አለች። በረገጠ ቁጥር ያቺን ሴት ይርገማት።

የሐዳሳ ደንብ አንድ ነው፤ የሠራችውን ጫማ ያደረገ ሰው እስከ ማዶው ቤተ ክርስቲያን በር ደርሶ ሲመለስ፣ እሷ አካሄዱን ሳታይ አትለቀውም። ምስክር ሄደ፣ እያነከሰ ተመለሰ።

«ትንሽ ይቀረዋል መሰለኝ» አለ በትሕትና።

«ተወው፤ ደግሜ እወጥረዋለሁ።»

ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ሆነ። ቦቱ ይጠባል፣ ምስክር ይመለሳል፣ የእሷን የፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ተውሶ አግዳሚው ላይ ይቀመጣል። ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድበው ስለ ጃጁራዋ እምቢተኛ ላም ያወራላታል። ሐዳሳም የላሞቹ ዶክተር እያለች ትተርበዋለች፤ እሱ ይስቃል። ሲሄድ ግን ክፍሏ ይጠባታል፤ ይህ ሁሉ ሳቅ የማን ነው ብላ ትብሰለሰላለች። ልትጠይቀው ትችል ነበር። ኩራቷ አልፈቀደላትም።

አንድ ቀን ምስክር ሳይስቅ ገባ።

«ወደ ዱራሜ ተዛወር ብለውኛል» አላት። «እምቢ ማለት እችላለሁ። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ዱራሜ። ሐዳሳ ከያዘችው ጫማ ላይ ዓይኗን አላነሳችም።

«እኔ የምጠየቀው ስለ ጫማ ነው። ቦትህን ሐሙስ ና ውሰድ።»

እሱ እንደወጣ በሯን ዘጋችና ቦቱን ዘፈዘፈችው። ሞራ አሸችው። ሽብልቁን መታችው፣ ቆዳው እስኪያቃስት መታችው። በአውራ ጣቱ በኩል ጎበጥ ያለችውን አጥንት ሳትለካ ታውቃታለች፤ በዚያ ቦታ ቆዳውን በጣቷ እየገፋች አለሰለሰችው። ወደ እሷ የምትሄድ ከሆነ እንኳ፣ አለች፣ እግርህ አይድማ።

ሐሙስ ምስክር እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዶ ተመለሰ። አላነከሰም። ፊቱ ግን ደስታ አልነበረበትም።

«ልክ ነው» አላት። «ስለዚህ ልሂድ?»

«ጫማ የሚሰፋው እንዲሄዱበት ነው።»

ቆመ። ሐዳሳ ክር ፈለገች፤ ክሩ እጇ ላይ ነበር። ቀና ስትል ምስክር ከአስፋልቱ ተሻግሯል።

በዓመቱ፣ ለመስቀል ከተማው ሁሉ ሲሯሯጥ፣ እትዬ ገነቴ በቆርቆሮው ላይ አንኳኩ። «አላልኩሽም? የዱራሜዋን ነርስ አገባ!» ወሬያቸው ለአንድ ጊዜ እውነት ሆነላቸው።

ዓመታት አለፉ። ሐዳሳ ሁለት ሠራተኛ ቀጠረች፣ ክፍሏን አሰፋች፣ አላገባችም። አንድ ቅዳሜ ደርባባ ሴት ፌስታል ይዛ ገባች። ፌስታሉ ውስጥ ያ ቦት ነበር፤ ሶሉ አልቋል።

«እህተማርያም እባላለሁ፣ የምስክር ባለቤት። ከሐዳሳ በቀር ማንም እንዳይነካው ብሎኝ ነው።»

ሐዳሳ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። የታመቀው ሁሉ ምላሷ ላይ ወጣ።

«ያኔ ስትገዥለት ልኩን አውቀሽ ቢሆን፣ እኔም ባልደከምኩ።»

«እኔ?» አለች እህተማርያም ግራ ገብቷት። «ከጃጁራ ሰልባጅ ራሱ ነው የገዛው። ራሴ ገዛሁት ሲለኝ ግን አላምነውም ነበር፤ አንቺ የሰጠሽው እየመሰለኝ ስንት ዓመት ቀንቼብሻለሁ።» ሳቅ አለች። «እኔ እኮ ተዛውሮ የመጣ ቀን ነው ያወቅኩት። ዱራሜን ረግጦ አያውቅም፣ መናኸሪያ ወርዶ መንገድ ጠየቀኝ። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እግሩ ላይ ነው፤ ‹ይህን የመሰለ ልክ ጫማ ማን ሠራልህ?› ብዬ ነው ጨዋታ የጀመርኩት።»