ወደ ኋላ የተሰቀለው ሞተር

«ዝለይ!»

ሴትዮዋ ዘለለች። መካኒኩ ክንዷን ይዞ አስቀመጣትና የጀልባዋን ገመድ ፈታ።

በጀልባ ጥገናው ግቢ ሁሉም መካኒኩ ይለዋል። ለላኩት ሰዎች ግን «ጉጠት» ነው፤ የጦር መሣሪያ ነጋዴውን ከጉያው ሆኖ ሲሰልል ከርሟል። ሴትዮዋ የነጋዴው ጸሐፊ ናት። ሐይቁን ተሻግራ ከመሰከረች ሰውየው አለቀለት።

«ወንድሜስ?»

«አለቃዬ ‹አጎት› ዛሬ ከከተማ አስወጥቶታል። አንዲት ፀጉሩ አትነካም ብዬሻለሁ እኮ!»

ያለዚህ ቃል እግሯን አታነሳም ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት። ወንድሟ እዚያው የነጋዴው ጥገና ግቢ ጀልባ ይነዳል።

ከኋላቸው ሞተር አጓራ።

የነጋዴው ፈጣን ጀልባ ናት። ጉጠት ግን አልደነገጠም፤ ጀልባዋን የሠራት ራሱ ነው። ነጋዴው «ፍጥነት ጨምርልኝ» ሲለው ሞተሩን ከጀልባዋ ጀርባ ነቅሎ፣ ወደ ኋላ ወጣ ባለ የብረት ማቀፊያ ላይ ሰቀለው። እዚያ ጀልባዋን የሚገፋው ተሽከርካሪ ምላጭ፣ ፕሮፔለሩ፣ ያልታወከ ውሃ ስለሚያገኝ ሞተሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይቻላል። እሱ ግን ሆን ብሎ ከልኩ በላይ ከፍ አደረገው። ቀጥ ብላ ስትሄድ ማን ይደርስባታል! በድንገት ስትታጠፍ ግን ጉድ ይፈላል፤ ጀልባዋ ስታጋድል ፕሮፔለሩ አየር ይውጥና ውሃውን ይለቃል። ውሃውን ከለቀቀ ደግሞ መሪ የሚባል ነገር የለም። ይህን የሚያውቁት እሱና አጎት ብቻ ናቸው። ከነጋዴው ነፍሰ ገዳዮች አንዱ ይነዳታል ብሎ አስቦ ነበር። ለእነሱ ማን ያዝናል?

አሳዳጁን ለማጥመድ ከሐይቁ ብቅ ወዳሉት ድንጋዮች መራ። ለመታጠፍ ነዳጅ ሲቀንስ ድምፅ ሰማ።

«እትዬ! አይዞሽ፣ መጣሁልሽ!»

ጉጠት ክው አለ።

ልጁ ብቻውን ነበር።

«ወንድሜ ነው! አቁም!» ሴትዮዋ ክንዱን ቧጠጠችው።

ጉጠት ብድግ ብሎ ሁለት እጁን አወዛወዘ። «አትታጠፍ! ቀጥ በል!»

በዚያ ጩኸት መሃል ማን ሊሰማ። የእነሱ ጀልባ መታጠፍ ጀምራ ነበር፤ ልጁም ተከትሏት ታጠፈ።

ሞተሩ ባዶውን ጮኸ። ጀልባዋ በጎኗ ተንሸራተተች።

ከድንጋዩ ጋር ተላተመች።

ተመልሰው አወጡት። ትንፋሽ አልነበረውም። እህቱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ እስከ ማዶ ድረስ ፊቱን ስታብስለት ሄደች።

ማዶ ላይ አጎት መኪና አስነስቶ ይጠብቅ ነበር።

«ማን ላከው?» አለው ጉጠት።

«እኔ። እህትህን እየጠለፏት ነው ብዬ ደወልኩለት።»

«ምን አልክ?»

«ልጁ በሕይወት ካለ ነጋዴው ይይዘዋል፤ እሷም አፏን ትዘጋለች። አሁን በምን ያስፈራራታል?»

«ቃል ሰጥቻታለሁ!»

«አንተ ነሃ የሰጠኸው።»

ጉጠት በቡጢ አፉን አለው። አጎት ደሙን በመሐረብ ጠረገ፤ አልተቆጣም እንኳ። «ሥራው አልቋል» አለ። «አንተም እዚህ አገር አልነበርክም።»

ሴትዮዋ ልብሷ ውሃ እያንጠባጠበ መጣች። ሁሉንም ሰምታለች።

«እመሰክራለሁ» አለች። «አንዲት ሳላስቀር እናገራለሁ።» ከዚያ ወደ ጉጠት ዞረች። «አንተ፣ ስምህ ማነው?»

ወደ አጎት ዞር ብሎ አየ።

«እናትህ ያወጣችልህን ንገረኝ። ስረግምህ ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ።»

ስሙ ምላሱ ጫፍ ድረስ መጣ። ሊነግራት ፈለገ፤ ከልቡ ፈለገ። አጎት ጉሮሮውን ጠረገ።

ጉጠት ኮፍያውን ዝቅ አደረገና ዓሣ ከሚጭኑት ሰዎች መሃል ገባ። «ስምህን!» ስትል ከኋላው ተሰማው። ከሠራተኞቹ ሁለት ሦስቱ ዞር ብለው አዩ። እሱም እንደነሱ ዞር ብሎ አየና መንገዱን ቀጠለ።