የጋሽ አብርሃ ድምፅ

ሎኪ አሮጊት መስሎ ዋሻ ውስጥ ተቀምጧል። ራሱ ላይ ቡናማ ሻርፕ ጠምጥሞ በቀጭን እንጨት እሳት ይቆሰቁሳል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ምርጫ መጣ፤ በግራ «አልቅስ»፣ በቀኝ «አታልቅስ»። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው። ጆይስቲኩን የያዘው መብርሃቶም ግን እንደ ሁልጊዜው ቤቱ ውስጥ ላሉት ሁሉ ጮክ ብሎ ተረጎመው።

«ቆይ፣ ማን ሞቶ ነው የሚለቀሰው?» አለ ሱሩር ከባንኮኒው ጀርባ። ካዛንቺስ ውስጥ ያለችው ጠባብ የፕሌይ ስቴሽን ቤት የእሱ ናት። እሱ ራሱ ግን ከኳስ ጨዋታ በስተቀር ሌላ ጌም አይገባውም።

«ባልዱር ነዋ። ሱሬ፣ ስንቴ ልንገርህ? የድሮ የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ነፍ አማልክት ነበሯቸው። ባልዱር ደጉ ነው፣ ሎኪ ተንኮለኛው። ሎኪ ባልዱርን በተንኮል አስገደለው። አሁን የሙታን አገር ንግሥት ‹ዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ ካለቀሰለት እመልሰዋለሁ› አለች። ሰው አለቀሰ፣ ዛፍ አለቀሰ፣ ድንጋይ ሳይቀር አለቀሰ። የቀረችው ይቺ አሮጊት ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ራሱ ሎኪ ነው።»

«እና አስለቅሰዋ። ሰውየው ይመለስ።»

«በድሮው ታሪክ ላይ አላለቀሰም። እዚህ ጌሙ ላይ ግን ምርጫው ያንተ ነው። ችግሩ ካለቀሰ ሁሉም ነገር እዚሁ አለቀ። ዋናው ጦርነት የሚመጣው ካላለቀሰ ነው።» መብርሃቶም አጠገቡ ወደተቀመጠው ጓደኛው ዞረ። «ጀለስ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

ማዕረግ የግድግዳውን ሰዓት እያየ ነበር። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም።

«እንጃ» አለ። «የፈለግከውን።»

«ምን ሆነሃል ዛሬ? ሙድህ ልክ አይደለም።»

«ምንም።»

መብርሃቶም ትንሽ አየውና ትከሻውን ነቀነቀ። «በቃ እዚህ ጋ ሴቭ ላድርገው። ነገ እንወስናለን።»

ነገ ምን እንደሚመጣ ማዕረግ ያውቃል።

ጠዋት እናቱ አልጋነሽ ከጎረቤት ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። በሩን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የመብርሃቶም አባት ጋሽ አብርሃ መሞታቸውን ነገረችው። ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤ ለዓርብ አጥቢያ የሚነዱት ተሳቢ ተገልብጦ ወዲያው አረፉ። አስከሬኑ እየመጣ ነው። የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ገብረዋህድ ዘመድ ሰብስበው ተማክረዋል፤ ለባለቤታቸው ለዘውዲና ለልጁ እሁድ ጎህ ሲቀድ ይነገራቸዋል። መርዶ እንደዚያ ነው። ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ቆሞ እንጂ በየመንገዱ አይነገርም።

«አንተ ልጁን ይዘህልኝ ዋል» አለችው። «ቤት እንዳይገባ፣ ከሰው ወሬ እንዳይሰማ። እሷን እኔ ገበያ ይዣት እሄዳለሁ። አደራህን ማዕረግ፣ ፊትህ እንዳያስታውቅብህ።»

ፊቱ ላይ ነገር አለማሳየት ለማዕረግ ከባድ ሊሆን አይገባም ነበር። ሰፈሩ የሚያውቀው ሰው በማስመሰል ነው። አቶ ገብረዋህድ እድር ላይ ሲቆጡ፣ የሂሳብ አስተማሪያቸው በአፍንጫው ሲያወራ፣ ሱሩር ልጆች ሲያባርር፣ ሁሉንም ቁጭ ያደርጋቸዋል። መብርሃቶም ሎኪን ካወቀ ወዲህ ስሙን ቀይሮለታል። ጌሙ ላይ ሎኪ አንድ ሰው ሲያወራ ተደብቆ ካዳመጠ ድምፁንም መልኩንም ይወስዳል፤ በዚያ ድምፅ የተዘጋ በር ያስከፍታል። «አንተ የካዛንቺስ ሎኪ ነህ» ይለዋል።

መብርሃቶም ጆይስቲኩን አስቀምጦ ስልኩን አወጣ። ደወለ። ጆሮው ላይ ይዞ ቆየና አወረደው።

«አሁንም ዝግ ነው» አለ፤ በትግርኛ አባቱን አቦይ፣ እናቱን አደይ ይላቸዋል። «አቦይ ስልኩን ዘግቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሌ ይደውላል።»

«ኔትወርክ ይሆናል። መንገዱን ታውቀው የለ።»

«ረቡዕ ተጣልተን ነበር እኮ። አልነገርኩህም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቲቶር ትቼ እዚህ እንደምውል ሰው ነግሮት፣ ጮኸብኝ። እኔም ‹አንተ መቼ ቤት ኖረህ ታውቃለህ?› አልኩትና ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ማለቴ፣ ሼም ነው አይደል? ይቅርታ ልለው ነበር።»

ማዕረግ ዓይኑን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሰ።

«በቃ ቤት ልሂድ። አደይ ጋ ደውሎ ከሆነ ልጠይቃት።» መብርሃቶም ተነሳ።

ወደ ቤታቸው በሚወስደው መንገድ፣ አቶ ገብረዋህድ ደጅ ላይ በዚህ ሰዓት አጎቶቹ መድረስ ጀምረዋል። ማዕረግ ያሰበው ይህንን ብቻ ነው። አፉ ከእሱ ቀድሞ ተከፈተ።

«ደውለዋል እኮ።»

«ማን?»

«ጋሽ አብርሃ። ቅድም ሳምቡሳ ልገዛ ስወጣ ቤት ጎራ ብዬ ነበር። በእማዬ ስልክ ደወሉ። የእሳቸው ስልክ ተበላሽቶ ነው፤ ከሰው ለምነው ነው የደወሉት። ሰኞ ይገባሉ።»

መብርሃቶም እንደቆመ ቀረ። «ይሄን ነገር እስካሁን ይዘህ ነው? አንተ ጋ ነው ያወራው?»

«እኔ ነኝ ያነሳሁት።»

«ስለ እኔስ? ምን አለ?»

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል ነበር። «ምንም አላሉም፣ ቸኩለው ነበር» ማለት ይቻል ነበር። ማዕረግ ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ሁሉ በሐሳቡ ወደዚህች ቦታ እየተመለሰ ይህንን መልስ ስንት ጊዜ እንደሰጠ አይቆጠርም። የዚያን ቀን ግን የጓደኛው ዓይን ፊቱ ላይ ነበር። ማዕረግ አገጩን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገ። ጋሽ አብርሃ ከማውራታቸው በፊት እንደሚያደርጉት ጉሮሮውን ሁለቴ ጠረገና ከሆዱ በሚወጣ ወፍራም ድምፅ አወራ።

«‹ስማ፣ ወደይን እንዲህ በለው። የረቡዑን እኔ ረስቼዋለሁ። እሱም ይርሳው።›»

ወደይ በትግርኛ ልጄ ማለት ነው። ጋሽ አብርሃ መብርሃቶምን በስሙ ጠርተውት አያውቁም።

ሱሩር ባንኮኒውን በእጁ እየመታ ሳቀ። «ወላሂ፣ ቁጭ እሳቸውን። ያ ሎኪ የምትሉት ካንተ ነው የተማረው።»

መብርሃቶምም ሳቀ። ግን ሲስቅ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ጆይስቲኩን አነሳ፤ እስኪመሽ ድረስ ስለ ቤት አላነሳም። ከወር ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ በአቶ ገብረዋህድ አጥር ላይ የእድሩ ድንኳን ብረቶች ተደርድረው ቆመዋል።

«ማን ሞተ?» አለ መብርሃቶም።

«እንጃ። ቀለም ሊቀቧቸው ይሆናል።»

በማግስቱ፣ ገና ሰማዩ ሳይለይ፣ ወደ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች ነጠላና ጋቢያቸውን አጣፍተው በእነመብርሃቶም ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት ያለ ድምፅ ቆሙ። አንኳኪው አቶ ገብረዋህድ ነበሩ። ማዕረግ ከሁሉም ኋላ፣ ከእናቱ ትከሻ ጀርባ ነበር። በሩን የከፈተው መብርሃቶም ነው፤ በቁምጣ፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ። ፊቶቹን አንድ በአንድ አየ። የማዕረግ ፊት ላይ ሲደርስ ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም፤ አንድ የሚያውቀው ሰው ያገኘ ይመስል። ከዚያ ከውስጥ እናቱ ጮኹ።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳለ መብርሃቶም ወደ ማዕረግ ጆሮ ተጠጋ። ራሱን ተላጭቷል።

«ቅዳሜ ባይደውል ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለው። «ሰዎቹ ዓርብ የሚሉት ቀኑ ተምታቶባቸው ይሆናል። ለማንም አልተናገርኩም። ለአደይም። የራሴ ትሁን ብዬ ነው።»

ማዕረግ አፉን ከፈተ። አንድ ሽማግሌ ውሃ ይዘው በፊታቸው አለፉ። ዘጋው።

አርባው ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው መብርሃቶም ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሩር ቤት እንሂድ አለ። ጥቁር ሸሚዙን እንደለበሰ ገባ። እየተጫወቱ የነበሩት ልጆች ቦታ ለቀቁለት።

«ሴቭህን ማንም አልነካትም» አለ ሱሩር። «አንዱ ሊያጠፋት ሲል ጆሮውን ይዤ ነው ያወጣሁት።» ባንኮኒውን መወልወል ጀመረ።

ዋሻው ተመልሶ መጣ። አሮጊቷ፣ እሳቱ፣ ሁለቱ ምርጫዎች። መብርሃቶም ጆይስቲኩን ይዞ አንዱንም ሳይነካ ተቀመጠ።

«ትናንት ለአደይ ነገርኳት» አለ።

«ምኑን?»

«መደወሉን። ስታለቅስ ‹እንደተጣላችሁ ሄደ› አለችኝ። በቃ አላስቻለኝም፣ ‹አይደለም፣ ቅዳሜ ደውሎ ታርቀናል› አልኳት። ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር።» አውራ ጣቱን ጆይስቲኩ ላይ አሻሸ። «ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብላ አደረች። ‹ቅዳሜ በሕይወት ከነበረ ዓርብ ተገልብጦ አንድ ቀን ሙሉ እዚያ በረሃ ወድቆ ነበር ማለት ነው› ትላለች። ‹ማን ውሃ ሰጠው? ለምን ሰው አልደረሰለትም?› አጎቶቼ ወዲያው ነው የሞተው ነው የሚሉት። ግን እነሱ እኮ ቅዳሜ እያወቁ ደብቀውናል። አሁንስ እንዳልዋሹን በምን እናውቃለን?»

ማዕረግ እጆቹን በጉልበቶቹ መሃል አስገባ።

«ስልኩን ያዋሰውን ሰውዬ ማግኘት እፈልጋለሁ» ቀጠለ መብርሃቶም። «መጨረሻ ላይ ያየው እሱ ነው። ቁጥሩ እናትህ ስልክ ላይ ይኖራል አይደል? ነገ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ከአደይ ጋር እንመጣለን።»

ማዕረግ ለነገ የሚሆን ውሸት ወዲያው መጣለት፤ ስልኩ ጠፍቷል፣ ቁጥሩ ተሰርዟል። ቀላል ነው። ያ ውሸት ደግሞ ሌላ ውሸት ይፈልጋል። እትዬ ዘውዲ ግን ዛሬም ቁጭ ብለው ያድራሉ።

«መብሬ፣ ያንን አስቀምጠውና እንውጣ።»

«ለምን?»

«እንውጣ።»

ከሱሩር ቤት ወጥተው የታክሲ ተራው ጥግ ላይ ቆሙ። ረዳቶቹ ሜክሲኮ፣ ለገሃር እያሉ ይጣራሉ።

«ቁጥር የለም» አለ ማዕረግ። «የደወለ ሰው የለም።»

መብርሃቶም አልገባውም። ጠበቀው።

«ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ነግራኝ ነበር። ይዘኸው ዋል ብላኝ ነው። ቤት ልሂድ ስትል ምን እንደምልህ ጠፋኝ። አጎቶችህ የሚሉት እውነት ነው። ዓርብ ነው፤ ወዲያው ነው።»

«የረቡዑስ?»

አንዱ ታክሲ ሞልቶ ሄደ። ሌላው ቦታውን ያዘ።

«እኔ ነኝ ያልኩት።»

መብርሃቶም አልጮኸም፤ አልመታውምም። ማዕረግ ቢመታው ይመርጥ ነበር። ዝም ብሎ አፉን አየው፤ ድምፁ የወጣበትን ቦታ የሚፈልግ ይመስል።

«እኔ ስቄ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ያኔ፣ ስታስመስል። አቦይ ሞቶ ስቄ ነበር።»

«መብሬ...»

«አትከተለኝ።»

ወደ መስቀል አደባባይ በሚወስደው ቁልቁለት ብቻውን ወረደ። ጥቁር ሸሚዙ ከሰዉ መሃል ለትንሽ ጊዜ ታየ፤ ከዚያ ጠፋ።

ማዕረግ ሊከተለው አንድ እርምጃ ሄደና ቆመ። አትከተለኝ ብሎታል። ዞሮ ወደ ሰፈር ተመለሰ። ከአቶ ገብረዋህድ አጥር ጋ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ በግራ የእነማዕረግ ቤት ነው። እናቱ ይህን ጊዜ ምሳ አቅርባ እየጠበቀችው ነው። ዛሬ ምንም ባይል ማንም አይጠይቀውም። ነገ መብርሃቶም ራሱ ለእናቱ ይነግራቸው ይሆናል።

ወደ ቀኝ ታጠፈ።

ሰማያዊው በር ተዘግቷል። ከውስጥ የሬዲዮ ድምፅ አይሰማም፤ ከመርዶው ወዲህ ሬዲዮው ተከፍቶ አያውቅም። ማዕረግ ጉሮሮውን ሊጠርግ ፈለገና ተወው። አንኳኳ።

«ማን ነው?» አሉ እትዬ ዘውዲ።

«ማዕረግ ነኝ» አለ። «ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ ዘውዲ። ይክፈቱልኝ።»