ዘጠና አራተኛው አንጓ

የዳሞራ ምንጭ ሦስት ቀን ደም መስሎ ፈሰሰ። በአራተኛው ቀን ቆመ፤ ለከተማው የቀረው በየጋኑ የተጠራቀመው ውኃ ብቻ ሆነ።

ምልክቱን ለመፍታት ጠቢብ አላስፈለገም። በቆዝ ተራራ ሆድ ውስጥ የምንጩን ጉሮሮ ተጠምጥሞበት የሚተኛው ዕውሩ ዘንዶ፣ ቃል በል፣ ሠላሳ ዓመቱን ጨርሶ ነቅቷል። ዘንዶው የሚላላው አንድ ሰው ፊቱ ቆሞ የምንጩን መሐላ፣ መቶ ሃያውንም አንጓ፣ ያለ ስህተት በቃሉ ሲወጣው ነው። የሳተውን ይወስዳል። ከተናጋሪው ድምፅ ጋር ሁለተኛ ድምፅ ከተቀላቀለ ግን ምንጩን ለዘለዓለም ያንቀዋል።

መጀመሪያ ላይ ማንም አልደነገጠም። መሐላው የተጻፈበት ብራና በቤተ መንግሥቱ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በመሐላው ቤትም አርባ ተማሪዎች በየማለዳው በአንድ ድምፅ ይሉት ነበር፤ ከተማው የሚነቃው በእነርሱ ዜማ ነበር። ሣጥኑ ሲከፈት ግን የተገኘው አንድ እፍኝ የምስጥ አፈር ነው። ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል ተብሎ ለዓመታት የከፈተው ሰው አልነበረም።

ንጉሥ አርማድ አርባዎቹን አስጠርቶ አንድ በአንድ አስቆማቸው። የመጀመሪያው አሥራ ዘጠነኛው አንጓ ላይ ቆመ። ሁለተኛው ሃያ ሁለት ላይ ደርሶ አጠገቡ ሰው እንዳለ ሁሉ ወደ ጎን ዞረ። ሦስተኛዋ አለቀሰች። ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሩ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፦ እያንዳንዱ ተማሪ የጎረቤቱን ድምፅ ተደግፎ ነበር የሚሄደው። አንዱ የረሳውን ሌላው ይሞላል፤ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል።

መምህራቸው የኔታ ሶፎር ከሠላሳ ዓመት በፊት ዘንዶው ፊት ቆመው የተመለሱ ሰው ነበሩ። አሁን አርጅተዋል፤ መሐላውን ሲሰሙ ስህተቱን ይለያሉ እንጂ ራሳቸው መጀመር አይችሉም። በንጉሡ ፊት ተንበርክከው፣ «ጃንሆይ፣ ሠላሳ ዓመት አርባ ድምፅ ሰማሁ፤ አንድም ተማሪ አልሰማሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ።

ከሁሉ ርቆ የሄደው ጌራ ነው፤ ዘጠና ደረሰ። አንድ ጊዜ የሰማው ነገር የሚገባው፣ መልከ መልካም፣ የመምህራን ኩራት። ከእርሱ ቀጥላ ማርዳ ስልሳ አንድ ደረሰች። ማርዳ ቀርፋፋ ነበረች። ከኅብረቱ ዜማ በኋላ ብቻዋን ግድግዳ ፊት ቆማ ትደግመውና የሳተችበትን ቦታ በከሰል ታሰምር ነበር፤ ጓደኞቿም ግድግዳው መለሰልሽ ወይ እያሉ ይስቁባት ነበር። ሌሎቹ ንጉሡ ፊት «ጠፋኝ» ብለው ሲወርዱ እርሷ ግን ስልሳ ሁለተኛውን ጨርሶ እንደማታውቀው፣ ከሰባ እስከ ሰባ አምስት ያለው ቅደም ተከተሉ እንደሚምታታባት፣ ከመቶ በኋላ ያለውም ገና እንዳልያዛት ዘርዝራ ተናገረች። ከአርባው ውስጥ የማያውቀውን የሚያውቅ ሌላ አልነበረም።

ሦስት ቀን ሙሉ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየዞረች ቁርጥራጩን ለቀመች። ከአንዱ ሁለት አንጓ፣ ከሌላዋ ግማሽ። ሰነፍ የምትላቸውንም ሳታፍር ጠየቀች። የኔታ ሶፎር እየሰሙ ልክ ነው በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መሐላው እንደገና ሙሉ ሆነ። ጌራ አጠገባቸው ተቀምጦ አንዴ ሰማውና በቃኝ ብሎ ተነሣ።

ንጉሡም ጌራ እንዲናገር፣ ማርዳ ተጠባባቂው እንድትሆን፣ ሽማግሌው ጋሻ ጃግሬ አጎናፍር እንዲጠብቃቸው አዘዘ። ጌራ በሕዝብ ፊት ቀኝ እጁን አነሣ። «ውኃ ሳላስለቅቅ ብመለስ ስሜ ከዳሞራ ምድር ይፋቅ» ብሎ ማለ። ሕዝቡ እልል አለ። ማርዳን ማንም አላስማላትም።

መንገዱ በጨው ሜዳ በኩል አሥራ ሁለት ቀን ነው። የጨው ሜዳው የሞቱ ግመሎችን አጥንት እንኳ ነጭ አድርጎ አልተወውም፤ አመድ አልብሶታል። ማርዳ በቀን አሥር አንጓ ትይዛለች። ጠዋት የትናንቱን ያለ ረዳት ትወጣዋለች፤ ከሳተች አዲስ አትጨምርም። የሚያዳምጣት አጎናፍር ነበር። ፊደል የማያውቅ ሰው ስለሆነ የሚገርሙ ጥያቄዎች ይጠይቃል። አንድ ቀን ዘንዶው ከመሬት በታች እየኖረ መሐላው ለምን ከደመና እንደሚጀምር ጠየቃት። ቀኑን ሙሉ ስታስብ ውላ አመሻሹ ላይ ገባት፦ መሐላው የውኃው መንገድ ነው። ከደመና ወደ ተራራ፣ ከተራራ ወደ ስንጥቅ፣ ከስንጥቅ ወደ ጥልቁ፣ ከጥልቁ ወደ ምንጩ። ከዚያ ቀን በኋላ ቅደም ተከተሉ አልተምታታባትም።

«አየሽ፣ ማይምም ለአንድ ነገር ይጠቅማል» አለ አጎናፍር።

ጌራ አብሯቸው አላጠናም። ማርዳ አንድ ጊዜ ብቻህን በለው ብላ ለመነችው፤ አውቀዋለሁ አላት። ደግማ ስትጠይቀው ተቆጣ።

«የምትደጋግሚው እኮ ስለምትረሺ ነው።»

«አዎ» አለች ማርዳ።

በዘጠነኛው ቀን የሎሬ ወፎች ሸለቆ ገቡ። ሎሬዎች የሰሙትን የሰው ቃል ይይዛሉ፤ ሰው ሲጀምር እነርሱ ይጨርሱለታል። ማርዳ ሁለት ቀን ሙሉ መሐላውን ስትል ሰምተዋታል። በሦስተኛው ጠዋት ጌራ ድንጋይ ላይ ወጥቶ መሐላውን ጀመረ፤ ሸለቆው ሁሉ ተቀበለው። የመሐላው ቤት ማለዳ የተመለሰ ይመስል ነበር። ከአንድ እስከ መቶ ሃያ ሳይቆም ወጣው፤ ወርዶም አንድም ቦታ አልሳትኩም አላቸው። ማርዳ የአንጓዎቹን ጫፍ ወፎቹ እንደጨረሱለት ነገረችው። ቅናት ነው አለ። አጎናፍር በቅሎውን ጫነ።

የዋሻው አፍ ቀዝቃዛ ነበር። ቃል በል በጨለማው ውስጥ ተቆልሏል፤ ቆዳው ድንጋይ፣ ፊቱ ዓይን የሌለው። ጌራ ቀጥ ብሎ ገባና ፊቱ ቆመ። ድምፁ ያምር ነበር። ዘንዶው ጥምጥሙን ቀለበት በቀለበት ፈታ። ሠላሳ፣ ስልሳ፣ ሰማንያ። ከድንጋዩ ሥር ውኃ ማጉረምረም ጀመረ።

ዘጠና ሦስተኛውን ጨርሶ ቆመ።

የሚመልስለት ድምፅ እየጠበቀ ነበር። ዋሻው ጸጥ አለ። ወደ ደጃፉ ዞሮ ማርዳን አያት። ቀጣዩን አንጓ ታውቀዋለች፤ በከሰል ሰባት ጊዜ ያሰመረችበት ነው። ምላሷ ላይ ነበር። አጎናፍር እንዳያይ ጋሻውን ፊቱ ላይ አደረገ። ጌራ ከንፈሩን ከፍቶ፣ ያለ ድምፅ፣ ለመናት። የዳሞራ ሕዝብ ጥማት በአንድ በኩል፣ የአብሮ አደጓ ዓይን በሌላ በኩል። ማርዳ አፏን በእጇ ያዘች።

ዘንዶው ሳይቸኩል ወሰደው።

ከዚያ ማርዳ ገባች። ድምፅዋ አያምርም። ከደመናው ጀመረች። ዘጠና አራተኛው ላይ ስትደርስ አልዘለለችውም፤ «ጥልቁ የወሰደውን ጥልቁ አይመልስም፤ እኔ ግን ስሙን ይዤ ቆሜያለሁ» አለች፣ ቀጠለችም። በመቶ ሃያኛው ቃል በል ራሱን መሬት ላይ አኖረ፤ ውኃውም በላዩ አልፎ ወጣ።

ዳሞራ በከበሮ ተቀበለቻት። ንጉሡ የአንገት ወርቅ ሰጣት። የኔታ ሶፎር ተማሪዎቹ ከእንግዲህ በተለያየ ክፍል ለየብቻቸው እንዲደግሙ አዘዙ፤ ከተማው ማለዳ ማለዳ ዝም አለ፤ ብዙ ሰው ዝምታው ከበደው።

በሰባተኛው ቀን የጌራ እናት እትዬ ሽቱ እንስራቸውን ሞልተው ከምንጩ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኟት። ስንት ላይ እንደቆመ ጠየቁ። ነገረቻቸው።

«አንቺ ታውቂው ነበር?»

አጎናፍር ዋሺ ብሎ መክሯት ነበር።

«አውቀው ነበር፣ እትዬ።»

ሴትዮዋ እንስራውን ዘቅዝቀው ውኃውን እግሯ ሥር ደፉት። ባዶውን ይዘው ሄዱ።

በማግስቱ ግን ምንጩ ዳር ተሰልፈው ነበር፤ ዳሞራ ሌላ ውኃ የላትም። ሳምንት ሙሉ አላናገሯትም። በስምንተኛው ቀን ተራቸው ደርሶ እንስራው እየሞላ ሳለ፣ ከኋላቸው የተሰለፈችውን ማርዳን፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ ያችን አንጓ ንገሪኝ አሏት። ማርዳ አንጓዋን አንዴ አለቻት። እትዬ ሽቱ ተቀበሉ፤ «ስሙን» ከማለታቸው በፊት ጠፋቸው። ወደ ማርዳ ዞሩ።

ማርዳ አልሞላችላቸውም።

ሴትዮዋ አዩአት። ከዚያ ውኃውን እያዩ አንጓዋን ራሳቸው ከመጀመሪያው ጀመሩ።