በግራ በኩል የለኝም

«ዓይን የለህም እንዴ?» አለችው ቁልፍ የምትሰፋዋ ልጅ። በግራው በኩል የዘረጋችለትን መቀስ በክርኑ ገጭቶ እግሯ ላይ ጥሎባት ነው።

እዚህ የልብስ ስፌት ቤት ከገባች ሦስት ሳምንቷ ነው። በየጠዋቱ በግራው በኩል ስታልፍ ያለ ድምፅ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሰላም ስትለው አንድ ቀን እንኳ መልሶላት አያውቅም። ኩራቱ ሲያንገበግባት ከርሞ ንዴቷን በዚያች ቃል ተወጣችው።

ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና አለ።

«በግራ በኩል የለኝም» አላት፣ ቀስ ብሎ።

ግላኮማ ነው። ዓይንን ከዳር እየበላ ወደ መሀል የሚመጣ በሽታ። ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት። በማግስቱ ወንበሯን አንስታ በቀኙ ተቀመጠች፤ ፍቅርም አብሯት ተቀመጠ። ቤቱ በሙሉ ያወቀውን ነገር ሁለቱ ብቻ የደበቁት መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ ግን ሰውየው ይጨልም ጀመር። ሳቁ ቀረ። አዲስ ሥራ አልቀበልም አለ። የሚሳሳለትን መቀስ ለጓደኛው ሰጠ። ስትጠይቀው ደክሞኝ ነው ይላል። እሷ ደግሞ ሌላ ሴት ጠረጠረች፤ ቅናት መቼ አርፎ ይቀመጣል። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ ሲወጣ ደብዳቤ ባገኝ ብላ መሳቢያውን ከፈተች። ያገኘችው የዓይን ጠብታ ነው። አራት ብልቃጥ፣ አንዱም ያልተከፈተ።

ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ደርድራ ጠበቀችው።

«ለምን?»

«ጨለማው በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየወሰደኝ ነው... ቁጭ ብዬ ከምጠብቀው ቶሎ ይምጣና ልገላገል።»

«መገላገል ስትል... ራስህን ልታጠፋ ነው?»

አንዱን ብልቃጥ አንስቶ አገላበጠው።

«አንዳንዴ አስበዋለሁ» አላት በመጨረሻ። «አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ፊትሽ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ።»

አልሰበከችውም። እጁን ይዛ ያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰደችው። የዓይን ሐኪሟ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታው ሊያቆየው ይችላል አለች። ራሱን ስለ ማጥፋት ማሰቡን ስትሰማም፣ ይሄን ሐሳብ ብቻህን አትሸከመው ብላ በዚያው ቀን ከአእምሮ ሐኪም ጋር አገናኘችው።

ሦስት ወር ሙሉ ተመላለሰ። ፍርሃቱ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ አንዳንድ ጠዋት ከእሱ ቀድሞ ይነሣል። ልጅቷ የምትጨምርለት ጠብታ ግን አንድም ቀን አልተቋረጠም።

በቀጠሮው ቀን ከልጅቷ ጋር ሲገባ፣ የዓይን ሐኪሟ ዓይኑን አይታ በሽታውን የሚያባብሰው የዓይኑ ግፊት እንደወረደ ነገረችው።

«ጠብታውን ማን ነው የሚጨምርልህ?»

«ባለቤቴ» አለ።

ልጅቷ ክው አለች። ቀለበት የለ፣ ጥያቄ የለ... ሐኪሟ ወደ እሷ ዞር አለች።

«ባለቤቱ አንቺ ነሽ?»

ሰውየው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ልጅቷ እንባዋን በእጇ ጠረገች።

«አዎ» አለች። «እኔ ነኝ።»