ተረካቢ ያጣች ነርስ

ሰውየው ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ መጥቶ አጠገቧ አቆመና ጎንበስ ብሎ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ቁጭ በዪና ላድርስሽ» አላት።

እሷ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጣ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ጨፍና ነበር። በሽተኛ ያስመለሰበትን ነጭ ጋውን አውልቃዋለች። ጫማዋንም እንዲሁ።

«የት ነው የምታደርሰኝ?»

«ነርሶቹ ጋ ነዋ።»

«ነርሷ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ፊቷንና ያበጡ እግሮቿን ተራ በተራ አየ። ጆሮው ቀላ። ወንበሩን ግን አልመለሰም።

«እንግዲያው ቁጭ በዪና በሽተኞቹ ጋ ላድርስሽ። ገና አሁን ጠግኜ መጨረሴ ነው፤ ሰው ጭኜ ልሞክረው ብዬ ነበር።»

ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀች።

ሰውየው የሆስፒታሉ ዕቃ ጠጋኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የእሷ ክፍል አልጋዎች ደህና ሆነውም ይጠገኑ ጀመር።

«ይሄን አልጋ ትናንት ጠግነኸው የለም እንዴ?» አሉት አንድ ሽማግሌ በሽተኛ።

«ዛሬ ደግሞ ልየው ብዬ ነው፣ አባቴ።»

«እኔ እንኳ ዓይንህ አልጋው ላይ ሲያርፍ አላየሁም።»

ነርሷ አንገቷን ደፍታ መድኃኒቷን ማዘጋጀት ቀጠለች። ፈገግታዋን ግን ሽማግሌው አይተውባታል።

ሥራዋን ልትለቅ መወሰኗን አልነገረችውም። አብረዋት ከተማሩት አንዷ ልብስ ትሸጣለች፤ አንዷ ባንክ ገብታለች፤ ሌላዋ በሽተኛ ስታነሳ ወገቧ ተቀጭቶ ቤት ውላለች። ሥራውን ጠልተው አልነበረም የወጡት። ነርስ ተረካቢ ሳይመጣላት ክፍሏን ጥላ አትሄድም። አልጋ ላልጋ ዞራ፣ እያንዳንዱን በሽተኛ ለተተኪዋ አስረክባ ነው የምትወጣው። ነርሶቹ እየተመናመኑ ሲሄዱ ተተኪ ጠፋ። የቀን ተረኛዋ የማታውንም ደርባ መሥራት ያዘች። ሽንት ቤት መሄጃ ጊዜ ስለሌላቸው ውሃ መጠጣት እስከ መተው ደረሱ። ጠያቂ ሲሰድባቸው እንኳ መልስ የሚሰጡበት ጉልበት አልነበራቸውም።

«አክስትሽ ሽቶ ቤቷ ሰው ትፈልጋለች» ይሏታል እናቷ። «ተቀምጠሽ ትውያለሽ። ሰው ባንቺ ዕድሜ ባል ያገባል፤ አንቺ የወገብ ሕመም አግብተሻል።»

«እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ፣ እማዬ።»

ጠጋኙ አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ቀጠራት። ተረካቢዋ አልመጣችምና ቀረች። ደግሞ ቀጠራት፤ ደግሞ ቀረች። ከዚያ በኋላ አልጋ ሊጠግን መምጣቱን ተወ። ሁለት ቀን በሩን በሩን ስታይ ሰነበተችና እሱ ወደሚሠራበት ዕቃ ቤት ወረደች።

«ካልፈለግሽ ንገሪኝ» አላት፣ ዓይኑን ከያዘው ጎማ ላይ ሳያነሳ። «እኔ ሰው ማስጨነቅ አልወድም።»

«ተረካቢ አጥቼ ነው።»

«ሁለቱንም ቀን?»

«ሁልጊዜ።»

መፍቻውን አስቀመጠ።

«እንዲህ ከሆነ ምን ያቆይሻል? ተዪው በቃ። እኔ እሠራለሁ።»

እናቷም ያሉት ከዚህ የራቀ አልነበረም። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን አመማት።

«ሥራውን እኮ እወደዋለሁ» አለች ቀስ ብላ። «የምፈልገው ሰዓቴ ሲደርስ መውጣት ብቻ ነው።»

ይህንን እሷም ያወቀችው ስትናገረው ነው። እሱ ቀና ብሎ አያት።

«ይቅርታ፣ አጥፍቻለሁ። ነገ እዚያው እጠብቅሻለሁ። ብትቀሪም አልቀየምም።»

በማግስቱ ሰዓቷ ደረሰ፤ ተረካቢ የለም። የጎረቤት ክፍሏን ነርስ «ዓይንሽን ጣል አድርጊልኝ» ብላ፣ ወደ ነርሶቹ ሁሉ አለቃ፣ ወደ ሜትሮኗ ቢሮ ሄደች። ከዚህ ቀደም ሳትጠራ ገብታ አታውቅም።

«ተረካቢ የለኝም። እርስዎ ይረከቡኝ።»

«እኔ?»

«እርስዎም ነርስ ነዎት።»

«ነገ እናወራበታለን፣ ልጄ።»

«በሽተኞቼን ለነገ ማስረከብ አልችልም» አለች። ከቆመችበትም አልተነቃነቀችም። እንደሚያባርሯት እርግጠኛ ነበረች።

ሜትሮኗ ያበጡ እግሮቿን አዩ። ከዚያ ተነሥተው ጋውናቸውን ለበሱና አልጋ ላልጋ ተከተሏት። ሽማግሌው ጋ ሲደርሱ፣ «እኚህ አባት በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ አለባቸው» አለቻቸው።

«የሚያግዘኝ ማነው?»

«ማንም።»

«እኔ ደግሞ ከባድ ነኝ፣ ሜትሮን» አሉ ሽማግሌው በትሕትና።

ሜትሮኗ የክፍሉን አልጋዎች ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ቆጠሩ። ጓንታቸውን እያጠለቁ፣ «ሂጂ በይ» አሉ። «ሐሳቤን ሳልቀይር።»

ወደ ውጭ ስትወጣ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ጠጋኙ ከሩቅ አይቷት ብድግ ሲል ወንበሩን ጣለው።

«መጣሽ?»

«ተረካቢ አገኘሁ።»

«ማንን?»

«ሜትሮኗን።»

የተጎነጨው ሻይ ትን አለው። ጀርባውን መታ መታ አደረገችለት፤ ከዚያ በኋላ እጇን ከዚያ ማንሣቱን ረሳችው፤ እሱም አላስታወሳትም።

በሚቀጥለው ቀን የጎረቤት ክፍሏ ነርስ ሜትሮኗ ቢሮ ሄደች። ቀጥሎ የሕፃናት ክፍሏ፤ ከዚያ ሌሎቹ ሁሉ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሜትሮኗ ወገባቸውን ይዘው ዳይሬክተሩ ቢሮ ገቡና፣ «ሰው ካልቀጠርክ ነገ አንተን ይዤ ነው ክፍል የምገባው» አሉት። ዳይሬክተሩ የሜትሮኗን ፊት አይቶ ቀልድ አለመሆኑን ተረዳ። አዲስ ነርሶች ተቀጠሩ። ለእያንዳንዱ ክፍልም ተጠባባቂ ተመደበ። ልብስ ትሸጥ የነበረችው ጓደኛዋም ተመልሳ ገባች።

ለእናቷ «አልለቅም» አለቻቸው። ለጥቂት ቀን አኮረፉ፤ ጠጋኙን ካዩት በኋላ ግን ቤታቸው ውስጥ የላላውን በር ሁሉ ያሳዩት ጀመር።

ዓመቱ ሳያልቅ ተጋቡ፤ እሷም የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሆነች።